ጋቢ በእንዶድ እንዴት ይታጠባል?

አያቴ ለጥምቀት የሚለበስ ጋቢና ቀሚስ ሳሙና አታስነካም ነበር። ሁሉም በእንዶድ ነው የሚታጠበው። ያ ንጣት አጥር ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። እኔም እስከ ዛሬ የሀገር ልብስ ዱቄት ሳሙና ውስጥ ለመዘፍዘፍ እጄ አይታዘዝልኝም። ሥራው ከባድ አይደለም። ግን እንዶድ መድኃኒትም መርዝም ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥንቃቄ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ተክሉን ለዩ። እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ አጥር ጥግና ጫካ ዳር፣ ሌላ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ሀንዶዴ፣ ትግርኛ ተናጋሪዎች ሽብቲ ይሉታል። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ብቻ ናት። ስለዚህ አበባ አይታችሁ ፍሬ ካጣችሁ አትገረሙ። ካልለያችሁት ደግሞ በግምት አትልቀሙ፤ የሚያውቅ ሰው አሳዩ፣ ወይም ደርቆ የሚሸጠውን ከገበያ ግዙ።

ፍሬው በዘለላ ነው የሚንጠለጠለው። የሚለቀመው አረንጓዴ ሳለ፣ ሞልቶ ሊቀላ ሲል ነው። የቀላውን ለዘር ተዉት። የለቀማችሁትን ሰፌድ ላይ በትናችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። በእፍኝ ሲያነሱት እንደ ጠጠር ሲንኳኳ ደርቋል ማለት ነው። ልጆችና ዶሮዎች እንዳይደርሱበት ግን ዓይናችሁ አይለየው።

ቀጥሎ መውቀጥ ነው። ሙቀጫው የበርበሬና የቅመም መሆን የለበትም፤ ለብቻው ይያዝለት። አያቴ ስትወቅጥ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ፣ ለነፋሱ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። አጠገቧ የቆምን ልጆች ግን እንባችን እየወረደ ደጋግመን እናስነጥስ ነበር። ብናኙ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል። ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ እጠቡት።

ለአንድ ጋቢ ሁለት እፍኝ ያህል ዱቄት ይበቃል። ግማሽ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሩና በእንጨት አማስሉት። ትንሽ ሲቆይ ወፍራም ነጭ አረፋ ይነሳል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ከዚያ በቀጭን ጨርቅ አጥልሉት። ይህችን እርምጃ አትዝለሉ፤ ገለባው ድሩ ውስጥ ከተሰገሰገ ለማውጣት ቀን ይፈጃል።

ጋቢውን መጀመሪያ በንጹህ ውሃ አርጥቡት፣ ከዚያ እንዶዱ ውስጥ ዘፍዝፉት። በእጅ ከማሸት በእግር መርገጥ ይሻላል፤ ክሩን አያጎሳቁለውም። ጥለቱ አዲስ ከሆነ ቀለሙ እንዳይለቅ ጫፉን ቀድማችሁ ሞክሩ። አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቁትና፣ ሳትጠመዝዙ ጨመቅ አድርጋችሁ አስጡት።

እጣቢውን ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አትድፉ፤ ዓሣ ይገድላል። ይህ ነገር ትልቅ ታሪክ አለው። በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ተውሳክ ሰው ጋ የሚደርሰው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው መንገድ ይቆረጣል። ፍሬው ተፈጭቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ ሳፖኒኑ ኃይለኛ እንደሚሆንም በኋላ ታወቀ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። እኔን ሁሌም ልቤን የሚነካው ግን፣ ነገሩ የተጀመረው ወንዝ ዳር ካሉት አጣቢዎች መሆኑ ነው።

በየሀገሩ በእንዶድ ራስ ይታጠባል፤ ለቆረቆርና ለፎሮፎር ይጠቀሙበታል። ይህን ያደረገ ሰው ዓይኑን ጥብቅ አድርጎ ጨፍኖ ቶሎ ይለቅለቅ። ቁስል ያለበት ቆዳ ላይ ባይነካ ይሻላል።

መጠጣት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ለኮሶ፣ ለእብድ ውሻ በሽታ፣ ጽንስ ለማስወረድ ብለው ሥሩን ወይም ፍሬውን የሚጠጡ ሰዎች አሉ። ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ጣቢያ ይሂድ። እርጉዝ ሴት ወደ ሐኪም ትሂድ። እዚህ ላይ እባካችሁ ቸል አትበሉ።

የተረፈውን ዱቄት ክዳን ባለው ደረቅ ብልቃጥ ውስጥ አኑሩ። ከስኳርና ከቡና መደርደሪያ አርቁት። ላዩ ላይም በትልቁ "እንዶድ፣ አይበላም" ብላችሁ ጻፉበት።