አዘጋጅ በጠፋበት ሩጫ በሰላም መግባት

ስድስት ኪሎ ስንደርስ ወዴት እንደምንዞር የሚነግረን ሰው አልነበረም። ከፊሉ ሯጭ የየካቲት 12 ሐውልትን ዞሮ ወደ አራት ኪሎ ተመለሰ። ከፊሉ ቀጥ ብሎ ወደ ጃን ሜዳ ሄደ። እኔ ፊት ፊት የሚሮጡትን ተከተልኩ። እነሱም ከፊታቸው ያለውን ነበር የተከተሉት። ለ10 ኪሎ ሜትር ተመዝግቤ ሰዓቴ ላይ 11.4 ኪሎ ሜትር አየሁ። አብራኝ የምታስተምር ባልደረባዬ ደግሞ አራት ኪሎ ላይ ዞራ፣ 8 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትሞላ ገባች። ሁለታችንም የከፈልነው አንድ ዓይነት ብር ነው።

ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ በሺዎች ሆኖ መሮጥን ለምዳለች። ዛሬ ከእሱ ሌላ ብዙ ትናንሽ ሩጫዎች አሉ። የማወራው ከትናንሾቹ ስለ አንዱ ነው። አዘጋጆቹን በስም አልጠራም። ስማቸው ለእናንተ ብዙም አይጠቅማችሁም፤ የሚጠቅማችሁ ያን ቀን የተማርኩት ነው። ሰባት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሮጫለሁ፤ የዚያን እሑድ ያህል ግን ያስተማረኝ ቀን የለም።

ነገሩ አንድ ነው። ከቤታችሁ ስትወጡ አዘጋጅ የሚባል እንደሌለ ቁጠሩት። ውሃውም፣ መንገዱም፣ ሰዓቱም የእናንተ ነው። አዘጋጁ በደንብ ከሠራ ደስ ይበላችሁ። ባይሠራም በሰላም ትገባላችሁ።

ቅዳሜ መሠራት ያለበት

መንገዱን በእግራችሁ ሂዱት። እኛ የተላከልን አንድ ደብዘዝ ያለ የካርታ ፎቶ ነበር። መነሻው መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ በስታዲየም ለገሃር፣ በቸርችል ሽቅብ ወደ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ደርሶ መልስ፣ ከዚያ በቤተ መንግሥቱና በሂልተን በኩል ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ። አንዴ አየሁትና "ሰፈሬ ነው፣ አውቀዋለሁ" ብዬ ተውኩት። ሰፈርን ማወቅና የሩጫ መንገድን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። ጊዜ ካጠራችሁ በሚኒባስ ታክሲ መስኮት አጠገብ ተቀምጣችሁ እዩት። ሦስት ቦታ ብቻ በልባችሁ ያዙ፦ የት ነው የምዞረው፣ ዳገቱ የት ይጀምራል፣ አቋርጬ ልውጣ ብል በየት በኩል ታክሲ አገኛለሁ።

ደረት ላይ የሚሰካውን የሩጫ ቁጥራችሁን ስትወስዱ መርፌ ቁልፍ አለ ብላችሁ አትጠብቁ። አራት መርፌ ቁልፍ ከቤት ያዙ። እኔ ቁጥሬን በሁለት መርፌ ሰክቼው ገና ስታዲየም ሳልደርስ አንደኛው ጎን ተገንጥሎ ፊቴን ይመታኝ ጀመር። ከቁጥሩ ጀርባ በእስክሪብቶ ስማችሁን፣ የአንድ ቤተሰብ ስልክ፣ የደም ዓይነታችሁንና የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙን ጻፉ። ይኼ ያስቃል የሚል ሰው ይኖራል። ለምን እንደምለው ወደ ታች ስትደርሱ ይገባችኋል።

ቲሸርቱን አንድ ጊዜ አጥባችሁ ልበሱት። አዲስ ጥጥ ላብ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ብብትና ጡት ጫፍም ይልጣል። ቫዝሊን ቀቡ፤ ብብት፣ ጭን መሃል፣ የእግር ጣቶች መሃል። ጫማ ደግሞ ያረጀው ይሻላል። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው ይባላል። በባዶ እግሩ መሮጥም ልማዱ ነበር። ያሸነፈው እግሩ በሚያውቀው ነገር ነው። እናንተም እግራችሁ የሚያውቀውን አድርጉ።

የቅዳሜ እራት ቀለል ይበል። ፓስታ ወይም ሩዝ፣ በርበሬው ያነሰ። ሽሮ የሚነፋው ሰው ያን ማታ ይለፈው። ክትፎው ለእሑድ ምሳ ይቆይ።

ጠዋት

ሩጫው 1 ሰዓት ይጀመራል ከተባለ 10 ሰዓት ተኩል ተነሱ። አንድ ዳቦ በማር፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ወይም በሶ። ሽንት ቤት ቤታችሁ ተጠቀሙ፤ ሶፍትም ኪሳችሁ ይግባ። እኛ ቦታ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ሦስት ሽንት ቤት ብቻ ነበር የቆመው፤ ሁለቱ ውሃ አልነበራቸውም። ሴቶቹ ለወረፋው ብቻ አርባ ደቂቃ ቆመዋል። ይኼን ስጽፍ አሁንም ይቆጨኛል። የሰው ክብር ነው።

መንገድ ስለሚዘጋ ታክሲ መስቀል አደባባይ ድረስ አያስገባችሁም። ከሩቅ ወርዳችሁ በእግር ለመሄድ ሃያ ደቂቃ ጨምሩ። ጠዋቱ ይበርዳል። አሮጌ ሹራብ ደርቡና ስትነሱ ለሚፈልግ ሰው ስጡት፤ መነሻው አካባቢ የሚበርዳቸው ልጆች አይጠፉም።

የወገብ ቦርሳ ያዙ። የኔ ውስጥ ያሉት እነዚህ ናቸው፦ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ሁለት ቴምር፣ ሶፍት፣ የታክሲ ብር፣ ሞባይል፣ ቁልፍ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ሲዘገይ

1 ሰዓት የተባለው 2 ከ20 ላይ ተጀመረ። ሰማንያ ደቂቃ። ሰው መጀመሪያ ይጨፍራል፣ ቀጥሎ ይናደዳል፣ ከዚያ ይደክመዋል። ጭፈራው ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን እግራችሁን ዳገቱ ላይ ነው የምትፈልጉት። ተቀመጡ። ፀሐይ ስትወጣ ጥላ ፈልጉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከዘገየ አንዱን ቴምር ብሉ፣ ሁለት ሦስት ጉንጭ ውሃ ጠጡ።

መነሻው ጋ ግፊያ ካለ ከመሃል ውጡ። እኛ ከኋላ ሲገፋ የፊተኞቹ ገመዱ ላይ ተደግፈው መተንፈስ አቅቷቸው ነበር። እጃችሁን እንደ ቦክሰኛ ደረታችሁ ፊት አድርጉ፤ ለሳምባችሁ ቦታ ይሰጣል። ግፊያውን ፊት ለፊት አትታገሉት። ግፊያው በሚወስዳችሁ አቅጣጫ እየሄዳችሁ በትንሽ በትንሹ ወደ ጎን ውጡ። ስልክ ቢወድቅ፣ ኮፍያ ቢወድቅ ጎንበስ አትበሉ። የጫማ ክራችሁን ቀድማችሁ ሁለቴ ቋጥሩ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ከኋላ ተነሱ። ደቂቃ አይመለስም የሚል ካለ ደቂቃው ይቅር።

ቸርችል

ከለገሃር እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ዳገቱ ቀስ እያለ ይጨምራል። አያስታውቅም። ከሴባስቶፖል መድፍ ምስል በኋላ፣ እስከ ማዘጋጃ ያለው ነው ጉልበት የሚጨርሰው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚህ ተወልደን ብናድግም ከታች ፈጥነን ከመጣን ዳገቱ ያስከፍለናል። ስለዚህ ለገሃር ላይ የሚያልፋችሁን ሁሉ እለፉ በሉት። አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ዳገቱ ላይ እርምጃ አሳጥሩ፣ ክንዳችሁን ሥሩበት፣ ጫፉን ሳይሆን አሥር ሜትር ፊታችሁን ተመልከቱ። መራመድም ይቻላል። ሩጫ ላይ መራመድ ነውር አይደለም።

ትግላችን ሐውልት ጋ ስንደርስ ከፊቴ የሚሮጡ አንድ አባት ወደ ጎን ዘንበል ዘንበል ማለት ጀመሩ። ስድሳ የሚሆናቸው ይመስለኛል። ቁጥራቸውን በክር ነበር ያሰሩት። ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ሄዱና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ወዲያው ተዘረሩ። ዙሪያችንን ብናይ የሕክምና ሰው የለም። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ አስተናጋጅ አንድም የለም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊታችን ቆሞ እኛ ምን እንደምናደርግ አናውቅም ነበር።

አንዲት ወጣት "አትሰብሰቡ፣ አየር ስጧቸው!" አለች። ነርስ ነች። ያደረገችውን አንድ በአንድ እጽፋለሁ፣ ማንም ሊያደርገው ስለሚችል። በጀርባቸው አስተኛቻቸው። እግራቸውን አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ቀበቷቸውን ፈታች። ሁለታችን ቆመን በቲሸርት ጥላ ሠራን። አንድ ሰው ውሃ አፋቸው ውስጥ ሊያፈስ ሲል እጁን ያዘችው፤ ራሱን ያልሳተ ሰው ብቻ ነው ውሃ የሚጠጣው፣ አለዚያ ወደ ሳምባ ይገባል። በሃይላንዴ ሶፍት አርሳ ግንባራቸውንና አንገታቸውን ጠረገች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ዓይናቸውን ገለጡ። "ጋሼ፣ ደረትዎን ያምዎታል?" አለቻቸው። "አያመኝም ልጄ። ምንም ሳልቀምስ ነው የወጣሁት" አሉ። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ባዶ ሆዳቸውን ቆመው ነበር። ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ሁለተኛውን ቴምር ሰጠኋቸው።

ቁጥራቸውን ገልብጬ አየሁ። ምንም አልተጻፈበትም። የልጃቸውን ስልክ እስኪያስታውሱ ብዙ ቆየን።

ሰው ወድቆ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ፣ ደረቴን ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም የሚናገረው ካልተያያዘ፣ ቴምር አትፈልጉ፤ 907 ደውሉ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ገላው በጣም ከጋለ ውሃውን ሁሉ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አፍሱት። ሩጫችሁ ይቁም። ማንም እንዳትሄዱ አያስገድዳችሁም፤ እኔ ግን በዚያ ቀን ከቆምኩት አሥራ አምስት ደቂቃ የበለጠ ደስ የሚለኝ የለም።

ከዚያ ወዲያ

ውሃ 5 ኪሎ ሜትር ላይ አለ ተብሎ ነበር። ስደርስ ባዶ ካርቶንና የተረገጠ ላስቲክ ብቻ ነበር። የኔ ሃይላንድ ደግሞ ቸርችል ላይ አልቋል። ፒያሳ ያለች አንዲት ባለ ሱቅ በር ላይ በጆግ ውሃ ይዛ ወጥታ ለሚያልፈው ሁሉ ትቀዳ ነበር። እግዜር ይስጣት። ለ10 ኪሎ ሜትር በቀዝቃዛ ጠዋት ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ ሲጠማችሁ ብቻ ጠጡ። የታክሲ ብር ያልኳችሁ ግን ለውሃም ይሆናል።

አራት ኪሎ ላይ ሚኒባሶች ወደ ሯጩ መሃል ገብተው ነበር። ጆሮ ማዳመጫ አውልቁ። መስቀለኛ ላይ ብቻችሁን አትሻገሩ፤ አሥር ሃያ ሆናችሁ ተሻገሩ፣ ሾፌሩን ዓይኑን እዩት።

ከአራት ኪሎ ቁልቁል ጉልበት ይጎዳል። አትልቀቁት፣ እርምጃ አሳጥሩ። መሬት መሬቱን ተመልከቱ፤ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ያጋጥማል።

ስትገቡ አትቁሙ። ከኋላ የሚመጣው ይደርብባችኋል። ቀስ እያላችሁ ተራመዱ። እኔ ስገባ ሜዳሊያ አልቋል ተባልኩ። ሞባይል ኔትወርክ የለም። ደግነቱ እኔና ባልደረባዬ ቀድመን "እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ" ተባብለን ስለነበር ተገናኘን። እናንተም የመገናኛ ቦታ በቃል ተቀጣጠሩ፤ በስልክ አትተማመኑ።

አቤቱታ

የዚያኑ ዕለት ጻፉ፤ ነገ ይቀዘቅዛል። "ማዘጋጀት አታውቁም" አትበሉ፣ አይጠቅምም። ሰዓትና ቦታ ጻፉ፦ ስድስት ኪሎ፣ 3 ሰዓት ከ25፣ አስተናጋጅ የለም። 5 ኪሎ ሜትር፣ ውሃ የለም። ትግላችን ሐውልት ጋ ሰው ወደቀ፣ የሕክምና ሰው የለም። ፎቶ ካላችሁ አያይዙ። እኔ ይኼን ይዤ ቢሯቸው ሄጃለሁ። አንድ ወጣት ተቀብሎ እያንዳንዱን መስመር አነበበ፤ ስድስት ኪሎ የሚለው ላይ ቆም ብሎ "እዚያ የመደብናቸው ልጆች ቁርስ ሊበሉ ሄደው ነበር" አለኝ። ስላልዋሸኝ አመሰገንኩት።

አሁን አዲስ ሩጫ ላይ ከመመዝገቤ በፊት ደውዬ አራት ነገር እጠይቃለሁ፦ ውሃ ስንት ቦታ አለ? አምቡላንስ የት ይቆማል? ሽንት ቤት ስንት ነው? መዞሪያዎቹ ላይ ማን ይቆማል? ባለፈው ሳምንት ለአንዱ ደወልኩ። ሦስቱን ወዲያው መለሰችልኝ። አራተኛው ላይ "እሱን ጠይቄ ልደውልልዎት" አለችኝ። እስክትደውል ክፍያዬን አልፈጸምኩም።