ከስልክ ነጥብ ወደ ሰው ጉዞ፦ የሎኬሽን ዳታን ለትራንስፖርት ጥናት እንዴት እንጠቀምበት?

በሎኬሽን ዳታ የሰውን እንቅስቃሴና የከተማ ትራንስፖርትን ማጥናት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፋይሉ ይጀምራል። ዳታ ያገኛል፣ ካርታ ላይ ያፈሰዋል፣ የሚያምር ነገር ይወጣለታል። ከዚያ ግራ ይገባዋል። እንዲህ አታድርጉ። መጀመሪያ ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። “ሰዎች እንዴት ይንቀሳቀሳሉ?” የሚለው አይበቃም፣ በጣም ሰፊ ነው። “ጠዋት ከከተማው ዳር ወደ መሃል ከሚሄዱት ውስጥ መንገድ ላይ ትራንስፖርት የሚቀይሩት ምን ያህል ናቸው? ሲቀይሩስ ስንት ደቂቃ ይጠብቃሉ?” ካላችሁ ግን ሥራው ተጀምሯል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ዓይነት ዳታ እንደምትፈልጉ፣ የቦታ ነጥቦቹ በየስንት ሰከንዱ መመዝገብ እንዳለባቸውና የስንት ሳምንት ዳታ እንደሚበቃችሁ ራሱ ይነግራችኋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማያስፈልጋችሁን የሰው መረጃ ከመሰብሰብ ያድናችኋል።

ዳታው ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው የስልክ ጂፒኤስ ነው። ሰማይ በደንብ በሚታይበት ቦታ ስህተቱ 5 ሜትር አካባቢ ነው። ረጃጅም ሕንጻዎች መሃል ስትገቡ ግን ምልክቱ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ ስህተቱ ወደ አስርት ሜትሮች ያድግና ሰውየውን ጎን ለጎን ካለው ሌላ መንገድ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህን ከወዲሁ እወቁት፣ በኋላ ይመጣባችኋል።

ሁለተኛው የጥሪ መዝገብ ነው። ሰው ሲደውል ወይም መልእክት ሲልክ ኔትወርኩ ያገለገለውን ታወር ይመዘግባል። የተመዘገበው ቦታ የታወሩ ነው፣ የሰውየው አይደለም። ከተማ ውስጥ ልዩነቱ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሊሆን ይችላል፣ ከከተማ ውጪ ብዙ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ ዳታ የፌርማታ ጥያቄ አትጠይቁ። ከአካባቢ ወደ አካባቢ የሚፈሰውን ሕዝብ ለማየት ግን ግሩም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የስልክ ኩባንያው ኦሬንጅ የኮትዲቯር ደንበኞቹን የጥሪ መዝገብ ስማቸውን አውጥቶ ለተመራማሪዎች አቅርቦ ነበር። የአይቢኤም ተመራማሪዎች በዚያ ዳታ የኮትዲቯሯን ከተማ የአቢጃንን የአውቶቡስ መስመሮች ፈተሹ፤ አንዳንድ መስመሮች ቢጨመሩና ቢራዘሙ የጉዞ ጊዜ በ10 በመቶ ገደማ ሊቀንስ እንደሚችል በስሌት አሳዩ።

ሦስተኛው የትራንስፖርት ካርድ ነው። እዚህ ላይ ችግሩ ብዙ ከተሞች ውስጥ ተሳፋሪው አውቶቡስ ሲገባ ብቻ ካርዱን ማስነካቱ ነው። የለንደን አውቶቡሶች እንዲህ ናቸው። የት እንደወረደ የምትገምቱት ቀጥሎ ከተሳፈረበት ቦታ ነው፤ ቀጥሎ የተሳፈረው ከወረደበት ብዙም ሳይርቅ ነው ብላችሁ ትነሣላችሁ። ብዙ ጊዜ ይሠራል። በመሃል በእግሩ ሩቅ ለሄደ ወይም በሰው መኪና ለተመለሰ ሰው ግን አይሠራም።

የተሽከርካሪ ጂፒኤስ ደግሞ አለ፤ መኪናው የት እንዳለ ይነግራችኋል እንጂ ውስጡ ስንት ሰው እንዳለ አይነግራችሁም። በመጨረሻም የፕሮግራም ዳታ አለ፤ መስመሮች፣ ፌርማታዎችና ሰዓቶች በጂቲኤፍኤስ ፎርማት የሚቀመጡበት ማለት ነው። ፎርማቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካዋ ከተማ የፖርትላንድ ትራንስፖርት ድርጅት ከጉግል ጋር ሆኖ የጀመረው ነው። የተጻፈ ፕሮግራም በሌለበት ከተማ እንዴት ይሆናል ለምትሉ፣ ናይሮቢን ተመልከቱ። እዚያ የዲጂታል ማታቱ ፕሮጀክት ተማሪዎች ስልክ ይዘው ማታቱ በሚባሉት የከተማዋ ሚኒባሶች ላይ እየተሳፈሩ መስመርና ፌርማታ መዘገቡ፤ ከ130 በላይ መስመር ያለው ካርታ ወጣ። መንግሥት እስኪሠራው መጠበቅ የግድ አይደለም።

ለመለማመድ ከፈለጋችሁ ከጂኦላይፍ ጀምሩ። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2012 የ182 ሰዎች ዱካ የተመዘገበበት ክፍት ዳታ ነው፣ አብዛኛው ቤጂንግ ውስጥ። ከሰዎቹ ከፊሎቹ በእግር ይሁን በአውቶቡስ ወይም በመኪና እንደሄዱ ጭምር ጽፈዋል። ይህ ወርቅ ነው፣ ሥራችሁን የምትፈትሹበት መልስ አብሮ አለ ማለት ነውና።

አንድ መስመር ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት

ብዙ መመሪያ የግላዊነትን ጉዳይ ወደ መጨረሻ ይገፋዋል። እኔ እዚህ አስቀምጠዋለሁ፣ ምክንያቱም ዳታው እጃችሁ ከገባ በኋላ ማሰብ መዘግየት ነው። ስምና ስልክ ቁጥር ማጥፋት ሰውን አይሰውረውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወር የጥሪ መዝገብ መርምሮ፣ ቦታና ሰዓት ያላቸው 4 ነጥቦች ብቻ 95 በመቶ የሚሆኑትን ሰዎች ከሌላው ለይተው እንደሚያወጡ አሳይቷል። አራት ነጥብ! ሌሊት የምታድሩበትንና ቀን የምትውሉበትን የሚያውቅ ሰው ግማሹን ይዟል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የኒው ዮርክ ታክሲዎች ከ170 ሚሊዮን በላይ ጉዞዎች ይፋ ሲሆኑ የታክሲ ቁጥሮቹ በሃሽ፣ ማለትም ቁጥሩን ወደማይነበብ ኮድ በሚለውጥ ስሌት፣ ተሸፍነው ነበር። ግን የቁጥሮቹ አጻጻፍ የታወቀ ስለሆነ ሊኖሩ የሚችሉትን ሁሉ አስልቶ ማዛመድ ቀላል ነበር፣ ተፈታም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የስትራቫ የስፖርት መተግበሪያ ካርታ ወታደሮች የሚሮጡባቸውን የጦር ካምፖች አጋለጠ። የአንድም ሰው ስም አልነበረበትም።

ስለዚህ ከወዲሁ ወስኑ። ጥሬውን ዳታ ማን ያያል? መቼ ይጠፋል? የምታወጡት ውጤት በግለሰብ ሳይሆን በቡድን ይሁን፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያሉበትን ቁጥር አትጻፉ፣ የቤት ነጥብ ያለበት ካርታ ለማንም አታሳዩ። ሰዎችን ራሳችሁ የምትመዘግቡ ከሆነ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ምን እንደምታደርጉበትም በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው።

ማጽዳት

አሰልቺ ነው፣ ግን ሥራው እዚህ ነው። ሰዓቱን አረጋግጡ፤ አብዛኛው ጂፒኤስ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሚመዘግብ ወደ ከተማው ሰዓት ካልቀየራችሁት የጠዋት ግፊያው እኩለ ሌሊት ላይ ሊታያችሁ ይችላል። ላቲትዩድና ሎንግቲዩድ ቦታ ተቀያይረው እንደሆነ እዩ። ሁለቱም ዜሮ የሆኑ ረድፎችን አውጡ። የተደጋገመውን አጥፉ። ከአንዱ ነጥብ ወደሚቀጥለው ያለውን ፍጥነት አስሉና በከተማ መንገድ ላይ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚል ካገኛችሁ ነጥቡ ውሸት ነው።

ርቀት በዲግሪ አትለኩ። አንድ ዲግሪ ላቲትዩድ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሎንግቲዩዱ ግን ከምድር ወገብ በራቃችሁ ቁጥር ይጠባል። የምድርን ክብነት የሚያስበውን የሃቨርሳይን ቀመር ተጠቀሙ፣ ወይም ዳታውን በሜትር ወደሚለካ የዩቲኤም ሥርዓት ቀይሩት። ፓይተን ለሚችል ለእንቅስቃሴ ዳታ የተሠሩ ሙቪንግ ፓንዳስና ሳይኪት ሞቢሊቲ የተባሉ የኮድ ጥቅሎች አሉ። ኮድ ለማይጽፍ ደግሞ ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር ብዙ ያስኬዳል፣ ነጻም ነው።

ከነጥብ ወደ ጉዞ

ነጥብ ጉዞ አይደለም። ስልኩ የሚነግራችሁ “በዚህ ሰዓት እዚህ ነበርኩ” ብቻ ነው፤ ሰውየው ደርሶ ይሁን መንገድ ተዘግቶበት ቆሞ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የተለመደው ዘዴ መቆያዎችን ማግኘት ነው። ሰው በ200 ሜትር ክልል ውስጥ ለ20 ደቂቃ ከቆየ ያ መቆያ ነው፣ በሁለት መቆያዎች መሃል ያለው ደግሞ ጉዞ። ቁጥሮቹ ግን ሕግ አይደሉም። ሃያ ደቂቃ ስትሉ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ በአምስት ደቂቃ ወደ ሥራ የሚያልፈው ወላጅ ይጠፋችኋል። አምስት ደቂቃ ስትሉ ደግሞ የትራፊክ መጨናነቁ ሁሉ መድረሻ ሆኖ ይቆጠራል። ሁለት ሦስት ቁጥር ሞክሩና የጉዞው ብዛት ስንት እንደሚለወጥ ጻፉ። ብዙ ከተለወጠ መደምደሚያችሁ ገና አልጸናም።

ቤትና ሥራ ቦታን መገመት ከዚህ ይቀላል፣ ሰው ተመላላሽ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2008 የ100,000 ሰዎችን የስድስት ወር የስልክ ዱካ ያጠኑ ተመራማሪዎች ሰው ደጋግሞ ወደ ጥቂት ቦታዎች እንደሚመለስ አይተዋል። ሌሊት በብዛት የሚገኝበትን ቤት፣ በሥራ ቀናት በቀኑ ሰዓት የሚገኝበትን ሥራ ቦታ ትላላችሁ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩት ይገለበጡባችኋል። እነሱን ለይታችሁ እዩ፣ ብዙ ጊዜ ትራንስፖርት የሚቸግራቸው እነሱ ናቸው።

በምን ሄደ የሚለው ይከብዳል። እግረኛ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚሄድ በቀላሉ ይለያል። መጨናነቅ ውስጥ ግን አውቶቡስና የቤት መኪና ፍጥነታቸው አንድ ነው። የሚለያቸው የሚቆሙበት ቦታ ነው፤ አውቶቡስ ፌርማታ አጠገብ ደጋግሞ ይቆማል። ሌላው ምልክት በሁለት ተሽከርካሪ መሃል ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አጭር የእግር መንገድ መኖሩ ነው። መጀመሪያ የእግሩን ክፍል ቁረጡ፣ የቀረውን ከዚያ መድቡ። የተዛነፉትን ነጥቦች ወደ ትክክለኛው መንገድ ለመመለስ ደግሞ ማፕ ማቺንግ አለ፤ ቫልሃላ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ማንም ሊያርመው በሚችለው ነጻ ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ፣ መንገዶች ላይ ይሠራዋል። ጠባብ መንገዶች ካርታው ላይ ከሌሉ ግን ሰውን ያልሄደበት አስፋልት ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ ካርታውን ቀድማችሁ ፈትሹ፣ የጎደለውን ሙሉ። ለሚቀጥለውም ሰው ይጠቅማል።

መደመርና መመዘን

ጉዞዎቹን በመነሻና መድረሻ ሠንጠረዥ ሰብስቡ። ከተማውን ኤችስሪ በተባለው የካርታ መክፈያ ባለ ስድስት ጎን ሕዋሶች ወይም በአስተዳደር ወሰን ልትከፍሉት ትችላላችሁ። ክፍሎቹ ሲተልቁ አጫጭር ጉዞዎች ውስጣቸው ይሰወራሉ፣ በተለይ የእግር ጉዞ። በሁለት መጠን ሥሩትና አወዳድሩ።

የጉዞ ጊዜ ስትለኩ አማካይ ላይ አትቁሙ። አንድ መስመር በአማካይ 30 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፣ ከአሥር ቀን በአንዱ ግን 55 ከሆነ ሥራ እንዳይረፍድበት የሚፈራ ሰው ከቤቱ የሚወጣው 55ቱን አስቦ ነው። መሃለኛውንና 90ኛውን ፐርሰንታይል (ከአሥር ጉዞ ዘጠኙ የማያልፉትን ጊዜ) ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ተሳፋሪው በየቀኑ የሚከፍለው ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ እዚህ ዳታ ውስጥ የሌለው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ስማርት ስልክ የሌላቸው፣ ባትሪ ለመቆጠብ ጂፒኤስ የሚያጠፉ። ሁለት ስልክ ያለው ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። በጥሪ መዝገብ ደግሞ ብዙ የሚደውል ሰው ብዙ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። በየመኖሪያ አካባቢው ያላችሁን ሰው ከሕዝብ ቆጠራው ጋር አነጻጽራችሁ ክብደት መስጠት፣ ማለትም ዳታው ውስጥ ያነሱትን አብዝቶ መቁጠር፣ ይረዳል። ፈጽሞ ያልተመዘገበን ሰው ግን ክብደት አያመጣውም። አዲስ መስመር የሚዘረጋው በዚህ ዳታ ከሆነ፣ ያልተመዘገቡት ሰፈሮች “ተጓዥ የላቸውም” ተብለው ይዘለላሉ።

ስለዚህ ውረዱና ቁጠሩ። በዳታችሁ ብዙ ሰው የሚታይባቸውን ጥቂት ፌርማታዎችና ባዶ የሚመስሉትን ጥቂቶች ምረጡ፤ በሁለቱም ቆማችሁ በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ የሚሳፈረውን በእጅ መዝግቡ። ሾፌሮችንና ተሳፋሪዎችን ካርታው ላይ ምን ስህተት እንዳለ ጠይቁ። ቆጠራውና ዳታው የተራራቁበትን ቦታ ከነልዩነቱ ሪፖርታችሁ ውስጥ አስገቡት፣ ከመቆያ ቁጥሮቻችሁና ከሕዋሶቹ መጠን ጋር፣ ሌላ ሰው ደግሞ መሥራት እንዲችል።