ሂቢስከስን በእጅ አዳቅሎ ከዘር ማሳደግ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ግቢዎች

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሂቢስከስ የሚባዛው አብዛኛውን ጊዜ በቁራጭ ነው። ጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይሰጣል፣ ቅርንጫፉ ሥር ይሰድዳል፣ ያው ቀይ አበባ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው ይሻገራል። በቁራጭ የተተከለው ቁርጥ እናቱን ነው። ከዘር የበቀለው ግን ራሱን የቻለ አዲስ ተክል ሲሆን፣ ከአንድ ፍሬ የወጡ አሥር ዘሮች እንኳ አሥር ዓይነት አበባ ሊያወጡ ይችላሉ። ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀውን ይህን ሥራ የምወደውም በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ የምጽፈው ለውበት ስለሚተከለው ሂቢስከስ እንጂ ቀይ መጠጥ ስለሚዘጋጅበት ከርከዴ አይደለም፤ ሁለቱ ግን የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፣ ጥጥና ባሚያም ከዚሁ ቤተሰብ ይመደባሉ።

በመጀመሪያ እናትና አባት የሚሆኑ ሁለት የተለያዩ ተክሎችን ይምረጡ። በየአጥሩ የሚታየው የተለመደው ቀይ ሂቢስከስ ፍሬ የሚይዘው ከስንት አንዴ ስለሆነ እናት ለማድረግ ብዙ ባይደክሙበት ይሻላል፤ ብናኙን፣ ማለትም የወንዴውን ብጫ ዱቄት፣ ወስዶ በሌላ ተክል ላይ መሞከር ግን ይቻላል። ድርብርብ አበባ ያለውም እንዲሁ በአባትነት ቢያገለግል ይመረጣል፣ ምክንያቱም ሴቴ ክፍሉ ብዙ ጊዜ በአበባ ቅጠሎቹ መካከል ተሸፍኖ ወይም ቅርጹን ለውጦ ይገኛል። ለእናትነት አምስት የአበባ ቅጠል ብቻ ያለው ነጠላ አበባ፣ ጤናማና ዕድሜው ከፍ ያለ ተክል ይስማማል።

የአበባውን መሃል ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ከአበባ ቅጠሎቹ መካከል አንድ ረጅም ዘንግ ይወጣል፤ በዘንጉ ዙሪያ በቀጫጭን ክሮች ጫፍ ላይ የተቀመጡት ብጫ ነጠብጣቦች ወንዴው ብናኝ ያለባቸው ናቸው። ከእነሱ አልፈው በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚታዩት፣ ከፈይ የለበሱ የሚመስሉት አምስት ትንንሽ ክብ ራሶች ደግሞ የሴቴው ክፍል ናቸው። ብናኙ በእነዚህ ራሶች ላይ ሲያርፍ በዓይን የማይታይ ቀጭን ቱቦ አብቅሎ፣ ዘንጉን ከጫፍ እስከ ሥር አቋርጦ፣ በአበባው ግርጌ አምስት ክፍል ወዳለው የፍሬ ቤት ይወርዳል። መንገዱ ረጅም በመሆኑ ሐሩሩም ብርዱም ሲበረታ ብናኙ ከመንገድ ይቀራል።

ስለዚህ ጊዜ መምረጥ ከእጅ ጥበብ ይበልጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም የአየሩ ጠባይ የተለያየ ነው። በኮምቦልቻ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት መስከረምና ጥቅምት ይስማማሉ፤ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ግን የያዘውን ፍሬ ሳይቀር ሊያረግፍ ይችላል። በደሴ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ለሂቢስከስ ከባድ በመሆኑ፣ የካቲትን ጠብቆ ፀሐይ በሚያሞቀው ግድግዳ ሥር በተቀመጠ ማሰሮ ተክል ላይ መሥራቱ የተሻለ ነው። የበልግ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ተክሉን በረንዳ ሥር ያስገቡት፣ ውኃ የነካው ብናኝ አይሠራምና።

የአብዛኛው ሂቢስከስ አበባ ዕድሜው አንድ ቀን ስለሆነ ሥራው በዚያው ቀን ረፋድ ላይ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ማለቅ አለበት። የአባቱን አበባ ቀጥፈው የአበባ ቅጠሎቹን ያስወግዱና ዘንጉን እንደ እርሳስ ይያዙት። ብጫው ብናኝ ጣትዎ ላይ እንደ ዱቄት የሚቀር ከሆነ ደርሷል፤ በእናቱ አምስት ራሶች ላይ ሁሉም ብጫ እስኪለብሱ ድረስ ቀስ አድርገው ይቀቡት። አባቱ ኮምቦልቻ፣ እናቲቱ ደሴ ከሆኑ አበባውን በደረቅ ወረቀት ጠቅልሎ በትንሽ ካርቶን በሚኒባስ ማምጣት ይቻላል፤ እኔ ከእኅቴ ግቢ ያመጣሁት ብናኝ በማግሥቱ ጠዋት ከፍሪጅ ወጥቶ ሠርቷል።

እንደ ጨረሱ በአበባው አገዳ ላይ ባለ ቀለም ክር ይሰሩና የእናቱን ስም አስቀድመው፣ የአባቱን አስከትለው፣ ቀኑንም ጨምረው በወረቀት ይጻፉበት። የደረቀው አበባ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ቢወድቅ አይደንግጡ፣ ወትሮም የሚወድቅ ነው። አገዳው ብጫ ሆኖ አበባውን ከሥሩ ከያዘው አረንጓዴ ዋንጫ ጋር ከረገፈ ግን አልያዘም ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ ዋንጫው ውስጥ አረንጓዴ ጉብታ ማበጥ ከጀመረ ይዟል። አምስት አበባ አዳቅለው አንድ ቢይዝልዎ አይዘኑ፤ በዚህ ሥራ የተለመደ ነው።

ፍሬው ለመብሰል ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት ይፈጅበታል፣ በደሴ ብርድ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ማሰሮውን ከቦታ ቦታ አያዘዋውሩ፣ ውኃም አያስጠሙት። የመጀመሪያው ፍሬዬ ቡናማ መሆን ሲጀምር «ነገ እቀጥፈዋለሁ» ብዬ አደርኩና ጠዋት ስደርስ በአምስት ተሰንጥቆ፣ ባዶውን ተከፍቶ አገኘሁት፤ ሁለት ወር የጠበቅሁት ዘር አፈር ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ፍሬው እንዳበጠ በሻሽ ጨርቅ ሸፍኜ አፉን በክር አስራለሁ፤ ቢፈነዳም ዘሩ እዚያው ይቀራል።

ዘሩ ቡናማ፣ ከምስር ብዙም የማይበልጥ፣ በአንድ ወገን ሾጠጥ ያለ ነው። ልጣጩ ጠንካራ በመሆኑ ውኃ በቶሎ አይገባውም። በጥፍር መቁረጫ ከሾጣጣው ጫፍ በተቃራኒ ያለውን ክብ ጎን፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ ብቅ እስኪል ድረስ ብቻ በጥቂቱ ይፋቁት። ሾጣጣውን ጫፍ በጭራሽ አይንኩ፤ ሥሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ለአንድ ሌሊት ዘፍዝፈው ያሳድሩት። በማግሥቱ ያበጠው ለመዘራት ዝግጁ ነው፣ ያላበጠውን እንደገና በጥቂቱ ፍቀው ይመልሱት።

አፈሩ ውኃ የማያቁር ይሁን፦ ግማሽ የበሰለ ኮምፖስት፣ ግማሽ ሻካራ አሸዋ ይበቃል። ወደ ማብቀያው ከመጨመርዎ በፊት የፈላ ውኃ አፍስሰውበት ይቀዝቅዝ፤ ጨቅላ ቡቃያን ግንዱ ላይ የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ይቀንሳል። ከሥሩ የተበሳ የሃይላንድ ፕላስቲክ ቁራጭ ለማብቀያነት ጥሩ ነው። ዘሩን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቀብረው ሞቅ ባለ ቦታ፣ ለምሳሌ ፍሪጅ አናት ላይ ያኑሩት። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሆነ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል፤ እንደ በቀለም ወደ ብርሃን ያውጡት።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ክብ ቅጠሎች በኋላ አራት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ሰፋ ያለ ማሰሮ ያዛውሩት። ማዳበሪያ በጥቂቱ ይስጡት፤ ፎስፈረስ የበዛበት ዳፕ ለሂቢስከስ ስለማይስማማ የበሰለ ኮምፖስት ይመረጣል። በለጋ ቅጠሎች ጀርባ የሚሰፍረውን ክሽክሽ በስሱ የሳሙና ውኃ ያጥቡት።

የመጀመሪያው አበባ ከዘጠኝ ወር እስከ ሁለት ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። ሲፈነዳ አነስተኛ ወይም ቀለሙ የደበዘዘ ቢሆን ተክሉን አይንቀሉት፤ አራትና አምስት አበባ ካሳየ በኋላ ይፍረዱ፣ ወጣት ተክል እየበረታ ሲሄድ አበባው ይሰፋልና። የወደዱትን ለማቆየት ግን ዘሩን አይመኑ፣ ዘሩ ሌላ ነገር ያመጣልና፤ ግንዱ እርሳስ ሲያክል በቁራጭ ያባዙትና አንዱን ቁራጭ ለጎረቤት ይስጡ፣ የእርስዎን ብርድ ቢመታብዎ ከዚያ መልሰው ይወስዳሉ።