ሌሊት 8 ሰዓት ከ59

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም ይደክማል። የመጀመሪያዬን የፌሎውሺፕ (የምርምር ገንዘብ ድጋፍ) ማመልከቻ ያበላሸብኝ ግን መብራት አልነበረም፣ ሰዓት ነው። ዴድላይኑ 23፡59 ጂኤምቲ (የግሪንዊች ሰዓት) ይላል። የእኛ እኩለ ሌሊት መስሎኝ ያላለቀ ፕሮፖዛል እየሮጥኩ ላክሁ። ለካ እኛ ጂኤምቲን በ3 ሰዓት እንቀድማለን፤ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ጊዜ ነበረኝ!

ድጋፍ ስትፈልጉ ከቅርብ ጀምሩ። ኦስሪያ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት ድርጅት ነው፤ ቢሮው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ኮዴስሪያ ደግሞ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳካር ሆኖ የአፍሪካ ተመራማሪዎችን ይደግፋል። አንትሮፖሎጂ ላይ የዶክትሬት መስክ ሥራ ላለው ዌነር ግሬን የሚባል ፋውንዴሽን አለ፤ ዜግነት አይመርጥም። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ ለማስተርስ ነው፤ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የኮመንዌልዝ አገሮች ስኮላርሺፕ ላይ አትድከሙ፣ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ቴሌግራም ላይ «ፕሮሰስ እናደርጋለን» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ደግሞ ደላላ ነው፤ እለፉት።

ዋናው ሥራ ፕሮፖዛሉ ነው። የእኔ የመጀመሪያው ርዕስ «የከተማ መስፋፋት በማኅበራዊ ሕይወት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ነበር። ምኑ ይጠናል? ሁለተኛውን ከብሎካችን ደረጃ ላይ አገኘሁት። በዕጣ ከየሰፈሩ የመጡ ጎረቤቶቼ የለቅሶ ድንኳን ለመግዛት ሲያዋጡ አንዷ ተከራይ «እኔስ እከፍላለሁ?» አለች። ሁሉም ዝም አለ። ጥያቄዬ ይኸው ሆነ፦ ነገ ቤት የሚለቅ ተከራይ የእድር አባል መሆን ይችላል? ማንን እንደማነጋግር፣ ስንት ወር እንደሚፈጅብኝ፣ ለታክሲና የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ምን ያህል ብር እንደሚያስፈልገኝ ጻፍኩ። ገምጋሚው እድርን ላያውቅ ይችላል፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱት። ደግሞም ጥያቄያችሁን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጉት። ሦስት ገጽ ስለ ግሎባላይዜሽን ካነበበ በኋላ ማን ትዕግሥት ይኖረዋል?

ሪኮመንዴሽን የሚጽፉላችሁን መምህር ከአንድ ወር በፊት ጠይቁ። ፕሮፖዛሉንና ሲቪያችሁን አብራችሁ ላኩ። «እሺ» ካሉ በኋላም ደውሉ። የእኔ መምህር ሊንኩ ስፓም ውስጥ ገብቶባቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ አላዩትም ነበር። ይሉኝታ ይዞኝ ባልደውል አልቆልኝ ነበር።

ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል ሳታዛንፉ ጻፉ። ዲግሪዬ ላይ አንድ «ኤች» ተጨምሮ ደብዳቤ ለማጻፍ ስመላለስ ሳምንት አለፈኝ።

ሁለተኛውን ማመልከቻ ከዴድላይኑ ሁለት ቀን ቀድሜ፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ላክሁ። መብራት ነበረ።