ዜጎችን በፖሊሲ ዝግጅት ሲያሳትፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተራው ዜጋ ስለ ውስብስብ ፖሊሲ መምከር አይችልም የሚል ስጋት ደጋግሞ ይነሳል፤ በየአገሩ የተካሄዱትን የዜጎች ጉባኤዎች፣ ማለትም በዕጣ የተመረጡ ሰዎች ስለ አንድ ፖሊሲ የሚመክሩባቸውን መድረኮች፣ ለተመለከተ ሰው ግን አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ከተሳታፊዎቹ ዕውቀት ሳይሆን አዘጋጆቹ ከጉባኤው በፊትና በኋላ ከሚሠሩት ሥራ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የምክክሩ ውጤት የት እንደሚደርስ ሳይወስኑ ሰው መጥራት፣ ወይም ሊፈጽሙት የማይችሉትን ቃል መግባት ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 በዕጣ የተመረጡ 150 ዜጎችን ስለ አየር ንብረት እንዲመክሩ ስትሰበስብ፣ ፕሬዚዳንቱ ሐሳባቸው «ያለ ማጣሪያ» ወደ ምክር ቤት፣ ወደ ሕዝበ ውሳኔ ወይም ወደ ደንብ እንደሚሄድ ቃል ገብተው ነበር። ከቀረቡት 149 ሐሳቦች ሦስቱን ወዲያውኑ ውድቅ ሲያደርጉና ሌሎችም በሕግ ረቂቁ ውስጥ ሲለዝቡ፣ ተሳታፊዎቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ለመንግሥት ምላሽ ከ10 የሰጡት አማካይ ነጥብ 3.3 ብቻ ሆነ። መንግሥት ሐሳብን ያለመቀበል መብት አለው፤ ያስቆጣቸው ግን ያልተፈጸመው ቃል ነው። አየርላንድ በአንጻሩ ስለ ጽንስ ማቋረጥ የመከሩት 99 ዜጎችና ሰብሳቢያቸው የሚያቀርቡት ሪፖርት ለምክር ቤቱ ኮሚቴ እንደሚመራ አስቀድማ ወስና ነበር። ጉዳዩም ከኮሚቴው አልፎ በግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበና በጽንስ ማቋረጥ ላይ የነበረውን ሕገ መንግሥታዊ ክልከላ የማንሳቱ ሐሳብ 66.4 በመቶ ድጋፍ አገኘ።

ሁለተኛው ስህተት በሩን ከፍቶ የመጣውን ሁሉ የሕዝብ ወኪል አድርጎ መቁጠር ነው። በግልጽ ጥሪ የሚመጣው ትርፍ ጊዜ ያለው፣ የተደራጀው ወይም አስቀድሞ አቋም የያዘው ሰው ነው። የሚሻለው በዕጣ መምረጥ ነው፤ ዕጣው ራሱ ግን በዕድሜ፣ በጾታ፣ በትምህርትና በመኖሪያ አካባቢ ተመጣጥኖ ካልወጣ፣ የተመረጡትም የጉዞ ወጪና አበል ካላገኙ፣ ልጅ የምታሳድግ እናትና የቀን ሠራተኛ መቅረታቸው አይቀርም።

ጉባኤው ከአንድ አገር በላይ ሲሆን በአንድ የጋራ ቋንቋ እንወያይ ማለት ሌላ ስህተት ነው፤ ቋንቋውን የሚችሉት ጥቂቶች የሁሉንም ድምፅ ይውጣሉና። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ስለ ወደፊቱ በመከረበት ጉባኤ 800 ዜጎች በአራት መድረኮች ተከፍለው፣ በ24ቱ የኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች በአስተርጓሚ ተነጋግረዋል። ይህ ውድ ነው፤ ነገር ግን አስተርጓሚ የሚቀጠርበት በጀት ከሌለ ጉባኤውን ባይጠሩት ይሻላል።

ይኸው ጉባኤ ሌላውንም ስህተት ያሳያል፦ ጥያቄውን ከልክ በላይ ማስፋት። ከጤና እስከ ስደት፣ ከዲጂታል እስከ ውጭ ግንኙነት ሁሉንም በአንድ ጊዜ በማንሳቱ 49 ምክረ ሐሳቦችና ከ300 በላይ ዝርዝር እርምጃዎች ቀረቡ። ይህን ያህል ዝርዝር ለማንም ባለሥልጣን መሸሸጊያ ይሆነዋል፤ ደስ ያለውን መርጦ «ዜጎችን ሰምቻለሁ» ይላል።

መቸኮልም አለ፤ የአየርላንዱ ጉባኤ ለአንዱ ጥያቄ ብቻ አምስት ቅዳሜና እሁዶችን ወስዷል።

የመጨረሻው ስህተት ሪፖርቱን ተቀብሎ ዝም ማለት ነው። በቤልጅየም የጀርመንኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2019 ባቋቋመው አሠራር፣ ፖለቲከኞቹ የዜጎቹን ምክረ ሐሳብ ካልተቀበሉ ምክንያታቸውን መግለጽ አለባቸው፤ 24 አባላት ያሉት ቋሚ የዜጎች ምክር ቤትም ተፈጻሚነቱን ይከታተላል።