የሞተር ድራይቭን በኮምፒውተር ለማዘዝ

በድሬዳዋ ለጉድጓድ ፓምፕም ሆነ ለወፍጮ የሚገጠመው የሞተር ድራይቭ፣ ብዙ ባለሙያ ኢንቨርተር የሚለው የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው በፊቱ ባሉት ቁልፎች ነው፤ ይሁንና በርካታ ድራይቮች የአርኤስ-485 መስመር (በሽቦ ጥንድ መረጃ የሚያስተላልፍ መገናኛ) እና ሞድበስ (በመስመሩ ላይ የሚነገረው የትእዛዝ ቋንቋ) አብረዋቸው ስለሚመጡ፣ በአነስተኛ የዩኤስቢ መቀየሪያ አማካይነት ከኮምፒውተር ትእዛዝ ይቀበላሉ።

ሽፋኑን ከመክፈትዎ በፊት ኃይሉን ያጥፉና መመሪያው ያዘዘውን ደቂቃ ይጠብቁ፤ የ380 ቮልቱ መስመር ኃይል በሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ላይ ወደ 540 ቮልት የሚጠጋ ቀጥታ ጅረት ሆኖ ይቆያልና። የመገናኛው ገመድ እርስ በርሱ የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ ይሁን፤ ከሞተሩ ኬብል ይራቅ፤ መሻገር ግድ ከሆነ በ90 ዲግሪ ይሻገር። መስመሩ ረጅም ከሆነ በሁለቱም ጫፎች 120 ኦም ሬዚስተር ይጨምሩ። የኤ እና የቢ ምልክት በአምራቾች ዘንድ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ድራይቩ መልስ ካልሰጠ ሁለቱን ሽቦዎች ማቀያየር የመጀመሪያው ሙከራ ነው።

ቀጥሎ የድራይቩ አድራሻ፣ የመገናኛው ፍጥነት (በሰከንድ ቢት፣ ለምሳሌ 9600) እና ፓሪቲው (የስህተት መፈተሻው ቢት) በሁለቱም ወገን አንድ ይሁኑ። የማስነሻ ትእዛዝ ምንጭና የፍሪኩዌንሲ (የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነው) ምንጭ ሁለት የተለያዩ ፓራሜትሮች ናቸው፤ የማስነሻው ብቻ ወደ መገናኛው ከተቀየረ ሞተሩ ይነሳል እንጂ ፍጥነቱ ከኮምፒውተሩ አይታዘዝም።

ከመጻፍ በፊት ያንብቡ። በዴልታ ቪኤፍዲ-ኢ (አንድ የድራይቭ ሞዴል) ላይ የውጤት ፍሪኩዌንሲ በአስራ ስድስትዮሽ ቁጥር በተጻፈው ሬጅስተር (የመረጃ አድራሻ) 2103 ላይ ይነበባል፤ ፕሮግራሙ የተለመደውን አስርዮሽ ከጠየቀ 8451 ነው። እንዲሁ በአስራ ስድስትዮሽ 2001 ላይ አስርዮሹ 3000 ቢጻፍ 30.00 ሄርዝ ማለት ሲሆን፣ በአስራ ስድስትዮሽ 2000 ላይ አስርዮሹ 18 ወደ ፊት ያስነሳል፣ 1 ያቆማል። አንዳንድ ፕሮግራም አድራሻን ከ1 ስለሚቆጥር በአንድ የሚዛነፍ ንባብ የተለመደ ነው። ፍጥነትን በ2001 ሬጅስተር እንጂ ቋሚ ፓራሜትርን ደጋግሞ በመጻፍ አይለውጡ፤ የማስታወሻው የመጻፍ ዕድሜ የተወሰነ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ወይም ገመዱ ሲነቀል የሚሆነው ነው፤ ድራይቩ ካልተነገረው በስተቀር የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ መሽከርከሩን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ የግንኙነት መቋረጥ ጊዜውን በጥቂት ሰከንድ ይወስኑና እርምጃውን ማቆም ያድርጉት፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሞተሩ በራሱ እንዳይነሳም ያስተካክሉ። የአደጋ ማቆሚያው ቁልፍ በኮምፒውተሩ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ይታሰር። በመጨረሻም ሞተሩ በ10 ሄርዝ እየዞረ ሳለ የመገናኛውን ገመድ ይንቀሉት፤ በወሰኑት ሰከንድ ውስጥ ካልቆመ ፓምፑን ሥራ ላይ አያውሉት።