የራቁን ወፎች ወደ ጓሯችን እንዴት ተመለሱ

አዲስ አበባ በሚገኘው ጓሯችን የወፎች ዝማሬ ለ2 ዓመት ያህል ርቆን በእጅጉ ሲያሳስበኝ ቆየ፤ ለጽጌረዳው የምንረጨውን የተባይ መድኃኒት የጠረጠርኩት፣ የአበባ ማር የሚቀስሙ ወፎች እንኳ ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት በነፍሳትና በሸረሪት መሆኑን ስረዳ ነው። ርጭቱን አቁመን በአጥሩ ሥር እሬትና የፈረስ ዘንግ የሚባለውን የአበባ ተክል ተከልን። ለወፎቹ የምናስቀምጠውንም ውኃ ከጥልቁ ሳፋ ወደ ዝርግ የሸክላ ሳህን አዛውረን፣ ጠጠር ደርድረንበት፣ ጥልቀቱን ከ3 ሴንቲ ሜትር ሳናሳልፍ፣ ድመት ከምታደባበት ቁጥቋጦ አርቀን አስቀመጥነው፤ በየማለዳው መለወጡ ግን ግድ ነው። የፈረስ ዘንጉ ብርቱካናማ አበባ በፈነዳ ሰሞን፣ በታካዜ ወንዝ ስም የሚጠራው ወፍ፣ ሐምራዊ ላባው በፀሐይ እያብረቀረቀ፣ ቆልማማ መንቁሩን ወደ አበባው ሲሰድ አየሁት። ጎረቤታችን እማማም ርጭቱን ትተው ዘሩን ከእኛ ወስደዋል።